ሰባት ድል፣ አንድ ዋንጫ፦ ስለ ዋልያዎቹ ለጠየቃችሁን

ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ስለ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበን መልሰናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። «እ.ኤ.አ.» ብለን ካልለየን በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ልማድ ለምን አጥብቀን እንደያዝን ከሁለተኛው ጥያቄ ትረዳላችሁ።

ልጆቼ፣ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድነው በጥምቀት ሰሞን ነው ብዬ ለልጅ ልጆቼ ብነግራቸው «የለም፣ ጃንዋሪ 21 ነው» ብለው ስልካቸውን ያሳዩኛል። የማናችን ነው ልክ? ጨዋታውም እንዴት እንደነበር በደንብ ጻፉልን። — አንድ አባት፣ ከአራዳ

አባታችን፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ላይ ይውላል። የዚያ ዓመት ጥምቀት ዓርብ ነበር፤ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፣ በማግስቱ ፍጻሜው። ስለዚህ «በጥምቀት ሰሞን» ማለትዎ ትክክል ነው፤ «በጥምቀት ዕለት» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ግን ያርሙት።

ጨዋታው አዲስ አበባ ላይ፣ ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በሚጠራው ስታዲየም ነበር። ተጋጣሚያችን ግብፅ የ1949ኙንም የ1951ዱንም ዋንጫ የወሰደች፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሌላ ሻምፒዮን ያልታወቀባት አገር ናት። ባዳዊ አብደል ፈታህ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረና ግብፅ እስከ 74ኛው ደቂቃ መራች። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ባዳዊ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ሉቺያኖ ዋንጫውን የተቀበለው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ማለትም ካፍን፣ በፕሬዝዳንትነት የመሩት እርሳቸው ናቸው።

ለልጅ ልጆችዎ ሁለት ነገር ይጨምሩላቸው። አንደኛ፣ በቆዩ መዛግብት ላይ ተጋጣሚያችን «የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ግብፅ በዚያ ዘመን የምትጠራበት ስም ስለሆነ ሌላ አገር እንዳይመስላቸው። ሁለተኛ፣ ውድድሩ የአራት አገሮች ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በአዘጋጅነት፣ ግብፅ በሻምፒዮንነት በቀጥታ ገቡ፤ ቱኒዚያና ዑጋንዳ በማጣሪያ መጡ። እኛ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን በሁለት ጨዋታ ዋንጫ አነሣን። ውድድሩ አጭር ነበር ማለት ድሉ ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ከተመሩ በኋላ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮንን ማሸነፍ ዛሬም ከባድ ነው።

በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የብሔራዊ ቡድኑን ታሪክ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ልንሠራ ነው። ተማሪዎቹ የሚያመጡልኝ ዓመትና ውጤት ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «በ1962 ሻምፒዮን ሆንን» ሲል ሌላው «በ1962 ሦስቱንም ተሸነፍን» ይላል። እንዴት ላስተካክለው? — የስፖርት መምህር፣ ከአዘዞ

መምህር፣ ሁለቱም ተማሪዎች እውነታቸውን ነው፤ የተጋጩት አቆጣጠሮቹ ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ሆንን። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ላይ በተደረገው ውድድር በአዘጋጇ 3 ለ 0፣ በአይቮሪ ኮስት 6 ለ 1፣ በካሜሩን 3 ለ 2 ተሸነፍን። ከአይቮሪ ኮስቱ ስድስት ግብ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነው።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ 1968 ነው። «በ1968 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አስተናገደች» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለቱም አቆጣጠር እውነት ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. (1960 ዓ.ም.) በአዲስ አበባና በአሥመራ አስተናግደን አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም. (1976 እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አስተናግደን ከምድባችን ሳንወጣ ቀረን። ዓመቱን ብቻ አይቶ የሚገለብጥ ሰው የአንዱን ውጤት ለሌላው ይሰጣል፤ ስሕተቱም ስሕተት አይመስልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኖቹን ያስተካክሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ይጨምሩ። የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ ጊዜ በጥርና በየካቲት ስለሚደረግ 8 ነው የሚሆነው፤ ነገር ግን የጋናው (1956) እና የቱኒዚያው (1958) ውድድሮች በኅዳር ስለነበሩ 7 ነው፤ 1963 እና 1965 እ.ኤ.አ.። ለጥር ቀናት 8 ሲደምሩ የጃንዋሪን ቀን ያገኛሉ፦ ጥር 13 ጃንዋሪ 21 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለነበረች፣ 9 ይደመራል፤ የዓመቱም ድንበር በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይሆናል። 1960 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፍጻሜም ጃንዋሪ 21 ተደርጎ ሳለ በእኛ ጥር 12 ነው። ይህችን አንድ ቀን ያልጠበቀ ሰንጠረዥ ሁሌም ያጣላል።

ቀጥሎ ዓምዶቹን ያስምሩ። ስምንት ይበቃሉ፦ ቀን በኢትዮጵያ፣ ቀን እ.ኤ.አ.፣ ውድድሩና ዙሩ፣ ከተማው፣ ተጋጣሚው፣ በ90 ደቂቃ የነበረው ውጤት፣ የመጨረሻው ውጤት፣ ማስታወሻ። ተማሪዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ «ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ ስለሚተዉት ነው። እዚያ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ናቸው።

ፎርፌ። በ1949 ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር የደረሰችን ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ታገደች፤ እኛም ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን። ይህ በጨዋታ ብዛት ውስጥ አይቆጠርም።

ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምት። በተጨማሪ ሰዓት የተገኘ ድል ድል ነው። በመለያ ምት የተገኘ ግን በመዝገብ አቻ ነው፤ ዋንጫው የእኛ ቢሆንም። በ1980 የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ) ፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን በመለያ ምት 5 ለ 4 ስናሸንፍ የተመዘገበው አቻ ነው።

በውሳኔ የተቀየረ ውጤት። ሜዳ ላይ የታየውንም የተመዘገበውንም ይጻፉ። ምሳሌውን ከታች ስለ ቢጫ ካርድ በሰጠነው መልስ ያገኙታል።

ቻን። በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተዘጋጀ ሌላ ውድድር ነው። እኛ በ2006 ደቡብ አፍሪካ፣ በ2008 ሩዋንዳ፣ በ2015 አልጄሪያ ላይ ተሳትፈናል። ከአፍሪካ ዋንጫ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይግባ።

ሠርተው ሲጨርሱ ድምሩን በዚህ ያመሳክሩ። ኢትዮጵያ እስከ ካሜሩኑ ውድድር (ጥር 2014) ድረስ በ11 የአፍሪካ ዋንጫዎች 30 ጨዋታ አድርጋ 7 አሸንፋ፣ 4 አቻ ወጥታ፣ 19 ተሸንፋለች፤ 31 ግብ አግብታ 67 ተቆጥሮባታል። ድምሩ 31 ጨዋታ ከመጣብዎ የ1949ኙን ፎርፌ ቆጥረዋል ማለት ነው።

በ1949 ሁለተኛ፣ በ1951 ሦስተኛ ወጥተን ነበር። ከዋንጫው ቀጥሎ ትልቁ ውጤታችን ያ አይደለም? — አንባቢ፣ ከማራኪ

በደረጃ ከሆነ አዎ፤ በጨዋታ ከሆነ አይደለም። በ1949 ሁለተኛ ስንወጣ ያደረግነው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። በ1951 ካይሮ ላይ የተሳተፉት ሦስት አገሮች ነበሩ፤ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፈን ሦስተኛ ሆንን። በሁለቱ ውድድሮች አንድም ግብ አላገባንም። በእርግጥ ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት፤ ውድድሩ ሲጀመር እዚያ ነበርን።

ከዋንጫው ቀጥሎ ያለው ትልቁ ውጤት በእኛ ግምት የ1960ው አራተኛነት ነው። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት አገሮችን ያሳተፈው ያኔ ነው። ዑጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፈን ምድባችንን በሙሉ ነጥብ በአንደኝነት ጨረስን። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላደረግንም። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችን፤ ዋንጫውንም ወሰደች። ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ ምድብ ላይ የረታናት አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 ተበቀለችን። ደረጃውን ብቻ ያየ አራተኛነትን ከሁለተኛነት ያሳንሳል፤ ጨዋታውን የቆጠረ ግን አይሳሳትም።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ከሰባቱ ድሎቻችን ስድስቱ የተገኙት በአገራችን ነው፤ ሁለት በ1954፣ ሦስት በ1960፣ አንድ በ1968 (ዑጋንዳን 2 ለ 0)። ከአገር ውጪ ያሸነፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በ1956 ጋና ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 የረታንበት ነው። ከ1968ቱ የዑጋንዳ ጨዋታ ወዲህ በተሳተፍንባቸው ሦስት ውድድሮች፣ ሊቢያ (1974)፣ ደቡብ አፍሪካ (2005) እና ካሜሩን (2014)፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ አቻ ይዘን ተመልሰናል። አስተናጋጅነት ለቡድናችን ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር የለም።

ሱዳን 5 አግብታብን እኛ እንዴት አለፍን? ደግሞስ የዓለም ዋንጫውን ጉዳይ ያበላሸው የቢጫ ካርድ ነገር ምንድን ነው? ያኔ ልጅ ስለነበርን በደንብ አልገባንም። — ጓደኛሞች፣ ከፒያሳ

የመጀመሪያው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለ2005ቱ ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። የመልሱን ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሰላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ነው። እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋል፤ እኛ ከሜዳችን ውጪ ሦስት፣ ሱዳን ደግሞ ምንም። ከዚያ በፊት ቤኒንንም ያለፍናት በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚህ 0 ለ 0፣ እዚያ 1 ለ 1። ያኔ ሱዳን ላይ በ5 ለ 2 ብንሸነፍ ኖሮ የመልሱ 2 ለ 0 አይበቃም ነበር። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ የመለሰን በዚያች ሦስተኛ ግብ ነው ማለት ይቻላል።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን 2005 ነበር፤ ልክ ዋንጫውን ባነሣን በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሰላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ግብ ጠባቂ ሲወጣ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ አሥር ሰው መሆን ብቻ ሳይሆን ተጠባባቂውን ለማስገባት ከሜዳ አንድ ተጫዋች መቀነስና አንድ ቅያሪ ማቃጠል አለ። እንዲያም ሆኖ አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣን።

ከቡርኪና ፋሶ ጋር ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በቀይ ካርድ ግብ ጠባቂ ያጣችው እርሷ ሆና ሳለ፣ ከአራቱ ግብ ሦስቱ የገቡብን ከዚያ በኋላ ነው። አቻ ለማድረግ ሁሉም ወደ ፊት ሲወጣ ከተከላካዮቹ ጀርባ የተተወውን ሜዳ በመልሶ ማጥቃት ተጠቀሙበት። በመጨረሻው ጨዋታ ናይጄሪያ በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አሸነፈችን። ለማስታወስ ያህል፣ የዚያ ዓመት ፍጻሜ የነበረው በእነዚሁ በሁለቱ፣ በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ መካከል ነው።

ወደ ቢጫ ካርዱ እንምጣ። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ምድባችን ውስጥ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበሩ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ባፋና ባፋናን (የደቡብ አፍሪካን ቡድን) መሪ ያደረገውም፣ በኋላ በራሱ መረብ ላይ ያገባውም በርናርድ ፓርከር ነው። የእኛን አቻ የሚያደርገውን ግብ ያገባው ጌታነህ ከበደ ነበር። 13 ነጥብ ሞላን፤ ደቡብ አፍሪካ 8። በአንድ ቀሪ ጨዋታ ማንም አይደርስብንም፤ ከተማው ሁሉ ጎዳና ወጣ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ።

ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አንድ ጨዋታ ያርፋል፤ ማንም ደብዳቤ እስኪጽፍለት አይጠበቅም። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ይዞ ሳለ ከቦትስዋና ጋር ከሜዳችን ውጪ በተደረገው ጨዋታ ተሰለፈ። ያ ጨዋታ ሜዳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን የነበረ ሲሆን 3 ለ 0 ተሸነፍን ተብሎ ተመዘገበ፤ ነጥባችን ወደ 10 ወረደ። ከዚያም ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተን፣ በ13 ነጥብ ከደቡብ አፍሪካ (11) በልጠን ምድቡን አንደኛ ጨረስን። ስለዚህ «ቢጫ ካርዱ ከዓለም ዋንጫ አስቀረን» የሚባለው ስሕተት ነው። ያስቀረን የመጨረሻው ደርሶ መልስ ነው፤ ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ ብንመራም ናይጄሪያ በኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0።

የሰፈርም ሆነ የትምህርት ቤት ቡድን የምትመሩ ካላችሁ ከዚህ የምትወስዱት ነገር አለ። የካርድ መዝገብ ይኑራችሁ፤ የተጫዋቹ ስም፣ ጨዋታው፣ ቀኑ፣ የካርዱ ዓይነት። ጨዋታው እንዳለቀ ዳኛው ከጻፈው ቅጽ ላይ ገልብጡ፤ በትዝታ አትመኑ። በሁለት ቢጫ መካከል ወራት ሲያልፉ ነው የሚረሳው። አሰላለፍ ከመግባቱ በፊት መዝገቡን የሚያየው ደግሞ ከአሰልጣኙ ሌላ ሰው ይሁን፤ አሰልጣኙ ያን ሰዓት ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነው።

«ዋልያ» የተባሉት ስለ እኛ ዋልያ ነው አይደል? — ተማሪ፣ ከደባርቅ

አዎ፣ ወንድማችን፤ ከእናንተ በላይ የሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ዋልያ ነው፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በእነዚያ ተራሮች ብቻ ነው። የሴቶቹ ቡድን ደግሞ በድንቅነሽ ስም ሉሲዎቹ ይባላል። እግረ መንገዳችንን እነርሱን እናንሣቸው፤ በመስከረም 1997 ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። በ2005ም ተሳትፈዋል።

የፋሲል ከነማ ልጆች ለብሔራዊ ቡድኑ ምን ሠርተዋል? በስሜት ሳይሆን በማስረጃ ንገሩን። — የአፄዎቹ ደጋፊ፣ ከቀበሌ 18

በማስረጃ ከሆነ ጥቂት ጨዋታዎች ይበቃሉ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መራች፤ አቻ ያደረገው የፋሲሉ ሱራፌል ዳኛቸው ነው፤ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨምሮ 2 ለ 1 አሸነፍን። መጋቢት 15 ቀን 2013 እዚያው ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታን። በስድስት ቀኑ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ዳኛው ራሳቸውን ስተው ወደቁና ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ተቋረጠ፤ ሆኖም ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 በመለያየታቸው በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ለካሜሩኑ ውድድር አለፈ። ፋሲል የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚሁ በ2013 የውድድር ዘመን ነው።

ካሜሩን ላይ የነበረው ግን መራራ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት የፋሲሉ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ፣ ዳኛው የቪዲዮ ምስሉን አይተው፣ በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ቢያስቀድመንም 4 ለ 1 አለቀ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጣን። አጽናኙ የመጣው ሰኔ 2 ቀን 2014 ነው፤ በቀጣዩ ማጣሪያ ግብፅን 2 ለ 0። አንዱን ዳዋ፣ ሌላውን ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ ሁለቱም ከዕረፍት በፊት። ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም ነበር፤ ይህን የሚያነሣባችሁ ግብፃዊ ቢኖር፣ አሰልጣኛቸው ግን በዚያው ሰሞን መሰናበቱን ንገሩት።

ሴካፋን ስንት ጊዜ ወሰድን? ለውርርድ ነው። — ስም አይጠቀስ

አራት ጊዜ። 1980 አገራችን ላይ (ዚምባብዌ፣ በመለያ ምት)፤ 1994 ሩዋንዳ ላይ (ኬንያን 2 ለ 1)፤ 1997 አገራችን ላይ (ቡሩንዲን 3 ለ 0)፤ 1998 ሩዋንዳ ላይ (አዘጋጇን 1 ለ 0)። ያሸነፋችሁት ከሆነ ቡናውን ለእኛም።

ያ የግብፅ ጨዋታ ለምን ማላዊ ላይ ሆነ? ፋሲለደስ ስታዲየም ብሔራዊ ቡድኑን እንዲያስተናግድስ ምን ይጎድለዋል? — አንባቢ፣ ከጨጨላ

በሜዳችን መጫወት የነበረብንን ጨዋታ ሊሎንግዌ ላይ ያደረግነው ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች ስላላጸደቀ ነው። ባሕር ዳር ላይ መስከረም 29 ቀን 2014 በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ፣ በኅዳር ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሣሩን ነው። ሣሩ የጉዳዩ አንድ ክፍል ነው፤ ሜዳው 105 በ68 ሜትር፣ ደልዳላና ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት። አገራችንን በተደጋጋሚ የሚያጣላት ግን ከሣሩ ውጪ ያለው ነው። ቁጥር ያለውና መደገፊያ ያለው የግል ወንበር ያስፈልጋል፤ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ መቀመጥ እንደ ወንበር አይቆጠርም፤ 20 ሺህ ሰው የሚይዝ ደረጃ ወንበር ካልተገጠመለት በገምጋሚው ቅጽ ላይ ባዶ ነው። ለማታ ጨዋታ ሜዳውን ሁሉ እኩል የሚያበራ መብራት፣ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ወዲያው የሚተካ ጄኔሬተር ጋር ይፈለጋል። ሁለት እኩል የሆኑ የመልበሻ ክፍሎች፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ፣ የዳኞች ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታና የመግለጫ አዳራሽ አሉ። ተመልካች፣ ተጫዋችና እንግዳ የሚገቡባቸው በሮች የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ መውጫዎቹም በአደጋ ጊዜ ሕዝቡን ሳያጣብቁ የሚያስወጡ።

ገንዘቡ በቅድሚያ መዋል ያለበት ታዲያ በወንበር፣ በመልበሻ ክፍልና በመውጫ በር ላይ ነው፤ እነዚህ የሕንፃ ሥራዎች ስለሆኑ ዓመታት ይፈጃሉ። ሣር በአንድ ክረምት ይደርሳል። ፋሲለደስ ላይ ሥራ ሲጀመር የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሣሩ መቼ ይተከላል?» ሳይሆን «የመልበሻ ክፍሉ ፕላን የታለ?» ይሁን።